እግሬ አውጪኝ

ስሜ ታረቀኝ ነው። ሌሊት ትራም አጥባለሁ፤
ጎተንበርግ ዳርቻ፣ ወንዙ አጠገብ አለሁ።
ባልደረቦቼ ግን፣ የተቀጠርኩ ዕለት፣
ፓስፖርቴን አይተው ነው ስም ያወጡልኝ በድፍረት፦
«ሯጩ!» አሉኝ። ዝም አልኩ። ምን ብዬ ልናገር?
ትምህርት ቤት ሳለሁ ስፖርት በመጣ ቁጥር
«ሆዴን» ብዬ ቀርቼ ከጥላ ሥር የዋልኩ፣
አውቶቡስ ሲያመልጠኝ ቀጣዩን የጠበቅኩ፣
ያ ሰው መሆኔን እዚህ ለማን ልናዘዘው?
ወርቁን ሌሎች አመጡት፤ ዕዳው ወደ እኔ ነው።
ስድስት ዓመት ዋጥኩት።

በግንቦት ድርጅቱ ዱላ ቅብብል አለ፤
ስሜ ሳልጠየቅ ከዝርዝሩ አናት ዋለ።
ሰውነቴን ሳላሟሙቅ ዱላዋን ተቀበልኩ፣
ጭብጨባው ሲያሰክረኝ እንደ ጎረምሳ በረርኩ።
ስሎትስኮገን መናፈሻ፣ ዳገቱ ግማሽ ላይ፣
አንድ ሰው በድንጋይ ባቴን መታኝ ወይ?
ዞርኩ። ማንም የለም።
አንዲት ሴት ከውሻዋ ጋር፣ እሷም ገና ሩቅ፤
ውሻው ወደ እኔ እንኳ አላየም።
ድንጋዩ ከውስጤ ነው የተወረወረው፤
«ጧ!» ያለው ጡንቻ ነው፣ የተተረተረው።
እግሬ አውጪኝ ይላል ሰው አደጋ ሲገጥመው፤
እኔ ስልሽ ግን፣ እግሬ፣ መልስሽ «ራስህን ቻል» ነው።

ማታ እናቴ ደወለች። «ወጌሻ የለም እንዴ?
በቅቤ ታሽቶ፣ ሳብ ተደርጎ አንዴ፣
በሻሽ ታስሮ ቢያድር...» «የለም፣ እማዬ» አልኳት።
ሦስት ትራስ ደርቤ እግሬን ከፍ አረግኳት፣
የበረደ አተር ከነከረጢቱ
በፎጣ ጠቅልዬ ጫንኩት ከእብጠቱ።
ሃያ ደቂቃ ይዤ፣ አሳርፌ፣ ዳግም፤
ያን አተር ከዚያ ወዲያ ወጥ ልሠራው አልችልም።
ውለታ አለብኝ።

ፊዚዮቴራፒስቷ ኢንገር ትባላለች፤
በቀዝቃዛ እጇ ባቴን ዳሰሰች።
ባቴ ወይን ጠጅ ሆኖ፣ ጠርዙ ቢጫ ለብሶ፣
ደሙ ወደ ቁርጭምጭሚት ቀስ ብሎ ፈስሶ።
«ሁለተኛ ደረጃ» አለች፣ እንደ ፈተና ውጤት፤
«እንዳትታሽ፣ እንዳትሳብ ለመጀመሪያው ሳምንት።
ተኝተህም አትክረም፤ ጡንቻ ሲሠራ ነው የሚሽር፤
ግን ሕመሙ በቃህ ሲል፣ ከሱ ጋር አትከራከር።»
«ሯጭ ነህ አይደል?» አለች፣ ከወረቀቷ ቀና ብላ።
«አይደለሁም» አልኳት፤ ከዚያ ሌላ
ምንም አልጨመርኩም። «እሺ» ብላ ጻፈች።
ይኸው ነበር። ዓለም ቦታዋ ላይ ቀረች።

ከዚያ ደረጃው መጣ። ተረከዜን ከጫፉ አንጠልጥዬ
ዝቅ፣ ከፍ፤ ዝቅ፣ ከፍ፤ አሥራ አምስት፣ እንደ ገና ብዬ።
አምስተኛ ፎቅ ነኝ፤ ሊፍቱ ከፋሲካ ወዲህ ተበላሽቷል።
ስድስት ዓመት በችኮላ ያለፍኩት ደረጃ
በየበሩ ላይ ነበረው ለካ መረጃ፦
ሁለተኛው ላይ ኡልሪካ፤ ሦስተኛው ላይ እነ ሳሚር፣ ጫማቸው ውጭ፤
አራተኛው ላይ ቶርስተን፣ ዳሌው በብረት የተተካ፣
እሱም ያንኑ ደረጃ በከዘራው ሲለካ።
«አንተ ስንት ደረስክ?» «አርባ።» «እኔ አሥራ አንድ» ይለኛል፤
ዘጠኝ ነው፤ ቆጥሬያለሁ፤ ያጭበረብረኛል።
እግረ መንገዴን፣ እግር አለኝ ከተባለ፣
ፖስታውን አወጣለታለሁ።

ማታ ማታ ባቴን በሁለት እጄ ይዤ
«ታረቂኝ» እላታለሁ። «ስሜ እንኳ ልመና ነው፤
አባቴ ከማን ጋር ተጣልቶ እንዳወጣው
አልጠየቅኩትም።»
መልስ የላትም። ጠዋት ደርቃ ትነሣለች፤
አሥር እርምጃ ስሄድ ቀስ ብላ ትላላለች።

ሰባተኛው ሳምንት። ዝናብ፣ ያው የጎተንበርግ ዝናብ።
አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፤ በገደብ።
ያቺ ሴት፣ ያ ውሻ፣ ያው ዳገት።
ዞር አልኩ፣ በፍርሃት።
ውሻው አለፈኝ። ሁለት አሮጊቶች እያወሩ አለፉኝ።
«ሯጩ» የሚለኝ የለም።
ዛሬ አውጪኝ አላልኳትም።
እስከዚያ ዛፍ ብቻ፣ አልኳት፣ ከዚያ ወዲያ አልጠይቅም።
ሄደች፣ ሄደች፣
ከዛፉ ሦስት እርምጃ ሲቀራት ቆመች።
እሺ አልኩ።